ሃይሉክስ ወይስ ቱንድራ? ለጅማና ለወረዳዎቿ መንገድ ፒክአፕ ሲመረጥ

የትልቁን የቶዮታ ፒክአፕ፣ የቱንድራን የሾፌር በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ፣ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ተጽፎበታል። ባለ 5.7 ሊትር ሞተር፣ ደብል ጋቢና፣ ፎር ዊል ከሆነ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ1,400 እስከ 1,600 ባለው መካከል ነው። ለ2.2 አካፍሉት። 1,480 ፓውንድ ቢል 672 ኪሎ ማለት ነው። ሾፌሩን ጨምሮ አምስት ሰው ቢሳፈር፣ እያንዳንዱም 65 ኪሎ ቢመዝን፣ 325 ኪሎው በሰው ተያዘ። ለካሶኒው የሚተርፈው 350 ኪሎ የማይሞላ፣ ሦስት ኩንታል ተኩል ገደማ ነው።

ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ግን ከአንድ ቶን በላይ ይጭናል። ዓይን የሚያየው ሌላ፣ ባሌስትራው የሚሸከመው ሌላ የሆነበት ምክንያት አለው። ቱንድራ ባዶውን ከ2,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከነጭነቱ እንዲደርስ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ደግሞ 3,200 ኪሎ አካባቢ ነው። የኋላ ባሌስትራው አስፋልት ላይ እንዲመች ተብሎ ለስላሳ ተደርጓል። ጉልበቱ የተሰጠው ለመጎተት ነው፤ ጀልባ፣ ፈረስ የሚጓጓዝበት ሳጥን፣ የግንባታ ማሽን የተጫነበት ተጎታች ከኋላ አስሮ ከ4 ቶን በላይ ይስባል። ጅማ ውስጥ በፒክአፕ ተጎታች አስሮ የሚሠራ ሰው እምብዛም የለም። እዚህ ዕቃው የሚሄደው በካሶኒው ላይ ተጭኖ ነው። ስለዚህ ትልቁን ፒክአፕ የሚገዛ የጅማ ሰው ከፍሎ የሚወስደው ትልቁ ችሎታ ሳይነካ ይቀመጣል።

ይህን የምንለው ትልቅ መኪና ለማጣጣል አይደለም። ቱንድራም የፎርዱ ኤፍ 150ም ለተሠሩበት ሥራ ግሩም መኪኖች ናቸው። ግን ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት በጣም ተወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህ ምክንያት ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው አገር ውስጥ ከሚዞሩት ያገለገሉ ፒክአፖች ነው። አንዴ ከተሳሳተ ሁለተኛ ዕድል ውድ ነው።

መጀመሪያ ጭነቱ ይመዘን

ጅማ ላይ ፒክአፕ የሚገዛው አብዛኛው ሰው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ከቡና ጋር የተያያዘ ሥራ አለው። ቡና ደግሞ አንድ ዓይነት ጭነት አይደለም። እሸት ቡና ውሃ ያዘለ ነው፤ ካሶኒው ገና ሳይሞላ ክብደቱ ይሞላል። ጀንፈል ግን ቀላል ነው፤ ክብደቱ ሳይደርስ ቦታው ያልቃል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል፤ እሸት የሚያመላልስ ሰው ለተመሳሳይ ቡና የሚሸከመው ክብደት ጀንፈል ከሚያመላልሰው በብዙ ይበልጣል ማለት ነው። እሸቱ ደግሞ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ከጌራ ወይም ከሊሙ ገጠር ወደ መፈልፈያ ጣቢያ እሸት ይዞ ሲወጣ ጭቃ ውስጥ ያደረ መኪና የሚያከስረው የመጎተቻ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ጭነቱንም ጭምር ነው። ለዚህ ሥራ ትልቁ መስፈርት ጉልበት ሳይሆን ሳይያዙ መድረስ ነው።

እንግዲህ አንድ ሳምንት ሙሉ የምትጭኑትን መዝኑ። በግምት ሳይሆን በሚዛን። የኬሻውን ቁጥር፣ የአንዱን ኬሻ ክብደት፣ አብሮ የሚሳፈረውን ሰው፣ ጀሪካኑን፣ በኋላ የተገጠመውን የብረት ፓራውልትና የካሶኒ ፍርግርግ ሁሉ ደምሩ። ከባድ ብረት ፊትና ኋላ ሲገጠም ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህም ከሚጫነው ላይ የሚቀነስ ነው። ከዚያ የመኪናውን ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት ከበሩ ወይም ከመጽሐፉ ውሰዱና ባዶ ክብደቱን ቀንሱለት። የሚቀረው ልክ ነው።

ከ2015 ሞዴል ወዲህ ያለው (የሞዴል ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ከ1,000 እስከ 1,200 ኪሎ፣ ደብል ጋቢናው ከ800 እስከ 950 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል፤ እንደ ሞተሩና እንደ ፎር ዊሉ ይለያያል። የደብል ጋቢናው ካሶኒ ርዝመት አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ጀንፈል ሲጫን ቁመቱ ወደ ላይ ያድጋል፤ መኪናው ዘንባላ ላይ መወዛወዝ ይጀምራል። ሲንግል ጋቢናው ከ2 ሜትር ከ30 በላይ ካሶኒ አለው፤ ኬሻው ዝቅ ብሎ ይደረደራል። ባለ አራት በሩ ቱንድራ ካሶኒው አጭሩ ከሆነ 1 ሜትር ከ68 ነው፤ ከሃይሉክስ ደብል ጋቢና የሚበልጠው በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመትና በስፋት ነው።

የእኛ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ሥራው ጭነት ከሆነና ከሦስት ሰው በላይ የማይሳፈር ከሆነ ሲንግል ጋቢና መካከለኛ ፒክአፕ ይገዛ። ሰው ደብል ጋቢናን የሚመርጠው ለቤተሰብም ይሆነኛል ብሎ ነው፤ ይህ ትክክለኛ ምክንያት ነው፣ ግን የጭነቱን አንድ አምስተኛ ገደማና የካሶኒውን አንድ ሦስተኛ እንደሚያስከፍል አውቆ ይግባ። ጭነቱ ዘወትር ከ15 ኩንታል በላይ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው መካከለኛ ወይስ ትልቅ ፒክአፕ አይደለም፤ አይሱዙ ኤንፒአር ነው የሚያስፈልገው።

ከልክ በላይ ሲጫን ምን ይሰበራል

ሃይሉክስ 20 ኩንታል ጭኖ ሲሄድ ስላየን ይችላል ማለት አይደለም። የሚደርስበት ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ ነው የማይታየው።

መጀመሪያ የሚሄደው የባሌስትራው ጎሚኒና አሞርዛተሩ ነው። ቀጥሎ ባሌስትራው ይተኛል፣ ከመሃሉ ቦልት አጠገብ አንዱ ቅጠል ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ይሄኔ ጎሚስታው ወይም ብየዳ ቤቱ እንደመከረው ቅጠል ያስጨምራል። መኪናው ቀና ይላል፤ ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ግን ቅጠል መጨመር የተፈቀደውን ክብደት አያሳድገውም። ቀድሞ በባሌስትራው መለጠጥ ይጠፋ የነበረው ምት አሁን በቀጥታ ወደ አክሰሉ፣ ወደ ኩሺኔታውና ወደ ሻንሲው ይሄዳል። የኋላ ኩሺኔታው ይበላል፤ የዘይት ማገጃ ጎማው ያፈሳል፤ የዲፍረንሻል ዘይት ወደ ፍሬን ከበሮው ይገባና የኋላው ፍሬን ይዳከማል። ሾፌሩ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የሻንሲ መታጠፍ ነው፤ ደብል ጋቢና ላይ ይበዛል። ምክንያቱ የክብደቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ቦታው ነው። የደብል ጋቢና ካሶኒ አብዛኛው ከኋላ አክሰል በስተኋላ ነው የሚገኘው። በካሶኒው በር በኩል የተቆለለ ኬሻ አክሰሉን እንደ መደገፊያ አድርጎ ሻንሲውን ወደ ታች ይጫናል፤ መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲዘል ያ ኃይል በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሻንሲው በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ይጎብጣል። ስለዚህ ከባዱ ኬሻ ሁልጊዜ ጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ ይጫን፤ ቀላሉ ወደ በሩ ይሁን። ተሸካሚዎቹ ከበሩ በኩል መደርደር ይቀናቸዋል፣ ለማውረድ ስለሚያመቻቸው። ቆማችሁ ካላሳያችኋቸው በስተቀር እንዲሁ ያደርጋሉ።

ቱንድራም ኤፍ 150ም ከዚህ አያመልጡም። እንዲያውም ሰፊ ካሶኒ ስላላቸው ባለቤቱ ሳያውቀው ያሳልፋል፤ ለስላሳው ባሌስትራ ከኋላ ሲተኛ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው ይንሳፈፋል፣ የፊት መብራቱም ተንጋዶ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

መንገዱ ስፋት አይወድም

የኤፍ 150 ስፋት ያለ መስታወቱ 2 ሜትር ከ3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመስታወቱ ጋር 2 ሜትር ከ43 ይደርሳል። ቱንድራም ያው ነው። ፎር ዊል ሃይሉክስ ያለ መስታወት 1 ሜትር ከ85 ተኩል ነው። 17 ሴንቲ ሜትር ምን አላት ይባላል። መርካቶ ሰፈር በገበያ ቀን በባጃጆች መሃል ያለፈ፣ ወይም በደዶ ዳገት ላይ ከአይሱዙ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ሾፌር ምን እንዳላት ያውቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ የግቢያችሁን በር፣ መኪናው የሚያድርበትን ቦታና ወደ ማሳው የሚያደርሰውን በጣም ጠባቡን የእንጨት ድልድይ ለኩ። ድልድዩ ላይ የምትለኩት የጎማ መሄጃ ጣውላዎቹን ርቀት ነው። የኤፍ 150 የግራና የቀኝ ጎማ መሃል ለመሃል ርቀት 1 ሜትር ከ72 ገደማ ሲሆን የሃይሉክሱ 1 ሜትር ከ54 ነው። ሁለት ጣውላ ብቻ ባለው ድልድይ ላይ ይህ ልዩነት ወንዝ ያስገባል።

ርዝመቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ከፊት አክሰል እስከ ኋላ አክሰል ሃይሉክስ 3 ሜትር ከ8 ተኩል፣ አዲሱ ቱንድራ ባለ አራት በሩ 3 ሜትር ከ70 ነው። የመሬት ከፍታቸው ቢቀራረብም ረጅሙ መኪና ጉብታ ሲሻገር ሆዱ ቀድሞ ይነካል። ክረምት ላይ የጎርፍ ቦይ መንገዱን አቋርጦ ሲቆርጠው ይህ በየኪሎ ሜትሩ ይገጥማል። የመዞሪያ ስፋት ላይ ግን ብዙ ሰው የሚገምተው አይሆንም። ሚትሱቢሺ ኤል 200 በ5.9 ሜትር ሬዲየስ ይዞራል፤ ሃይሉክስ በ6.4፤ የቀድሞው ቱንድራ በ6.7 ገደማ። ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ግን ከ7 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ጠባብ ዘንባላ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ማለት የሚበዛበት እሱ ነው።

የጅማ ዙሪያ ቀይ አፈር በሰኔና በመስከረም መካከል ሲረጥብ ሳሙና ነው። የጎማው ጥርስ ውስጥ ይሞላና ለስላሳ ያደርገዋል። ባዶ ፒክአፕ እዚህ ላይ ከተጫነው ይብሳል፣ ኋላው ቀላል ስለሆነ ይንሸራተታል። ባዶ ስትሄዱ አንድ ኩንታል ተኩል አሸዋ በኬሻ ሞልታችሁ ልክ ከኋላ አክሰሉ በላይ አስሩ። ለጭቃ የጎማውን አየር ወደ 22 ፒኤስአይ ማውረድ ይረዳል፣ መኪናው ባዶ ወይም ቀላል ጭነት ያለው ከሆነ ብቻ፤ ጭኖ ያወረደ ሰው ጎማውን ከቸርኬው ያስወልቃል። አስፋልት ሲደርስ መልሶ መሙላት ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ባለ 12 ቮልት ትንሽ መንፊያ መኪናው ውስጥ ትኑር። ለኋላ ጎማዎች የሚሆን ሰንሰለት ከትልቅ ሞተር ይበልጣል፤ ጭቃው ከመጀመሩ በፊት ይታሰር፣ ከተያዙ በኋላ ማሰር ግማሽ ቀን ይበላል።

ፎር ዊሉንም እንዲሁ፣ ጎማው መሽከርከር ከመጀመሩ በፊት አስገቡት። ሃይሉክስ፣ የአይሱዙው ዲ ማክስና ላንድክሩዘር ፒክአፕ ፎር ዊላቸው በደረቅ አስፋልት ላይ አይነዳም፤ ፊትና ኋላ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይዞሩ የማስተላለፊያው ማርሽ ይጨናነቃል፣ ክሮቼራውንም ይሰብራል። ሱፐር ሴሌክት የሚባል ፎር ዊል የተገጠመለት ኤል 200 ብቻ ከእነዚህ መሃል በአስፋልትም ይቻለዋል፤ ግማሽ አስፋልት ግማሽ ጭቃ በሆነ መንገድ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሞተር፣ ከፍታና ነዳጅ

ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ 18 በመቶ ገደማ ሄዷል። የላንድክሩዘሩ 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ በባሕር ወለል 130 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ጅማ ላይ ወደ 107 ይወርዳል። ሞተሩ አይሞትም፣ ቀላል ነው፣ ማንም መካኒክ ያውቀዋል፤ ግን ዳገት ላይ ጭኖ ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተተ መሆኑን ተቀብላችሁ ግዙ። የሃይሉክስ 2.4 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ በወረቀት ላይ 400 ኒውተን ሜትር የማሽከርከር ጉልበት (ቶርክ) አለው፤ ቱርቦ ስለሆነ ከፍታው ብዙም አይነካውም። ለጅማ ዳገት 2.4 ይበቃል። 2.8 የሚያስፈልገው ዘወትር ሙሉ ጭኖ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ነው።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 700። ናፍጣ ሃይሉክስ በ100 ኪሎ ሜትር ከ9 እስከ 10 ሊትር ቢወስድ 70 ሊትር አካባቢ ይፈጃል፤ ታንኩ 80 ሊትር ስለሆነ አንዴ ተሞልቶ ደርሶ ይመለሳል። ባለ 5.7 ሊትሩ ቱንድራ ከ15 እስከ 17 ሊትር ቤንዚን ይወስዳል፤ ከ105 እስከ 120 ሊትር። ነዳጅ ማደያ ላይ ሰልፍ በሚኖርበት ሳምንት ይህ ልዩነት የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሥራ ቀን ልዩነት ነው። ሰልፉን ሽሽት ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛ ነዳጅ ደግሞ ውሃና ቆሻሻ ይዞ ይገባል፤ ዘመናዊ የናፍጣ ኢንጀክተር ከዚህ የከፋ ጠላት የለውም። ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሎን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ፈታ አድርጋችሁ ወደ ብርጭቆ አፍስሱ፤ ውሃ ከታየ ቶሎ ቶሎ ይደረግ። ከአውሮፓ የመጣና በጭስ ማውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ያለው ናፍጣ መኪና ሰልፈሩ በጣም ዝቅተኛ የሆነ ነዳጅ ይፈልጋል፤ በከተማ ውስጥ አጭር አጭር ጉዞ ብቻ ከተነዳም ማጣሪያው ይደፈናል። ለገጠር ሥራ ይህ የሌለበትን ፈልጉ።

ማን ይጠግነዋል

ሃይሉክስና ዲ ማክስ ጅማ ውስጥ መለዋወጫቸው ይገኛል፣ ባይገኝ ማታ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ይላካል። ለቱንድራና ለኤፍ 150 ግን የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራም ሄዶ ላይገኝ ይችላል፤ ከውጭ ይታዘዛል። መኪናው ሦስት ሳምንት ቢቆም በቡና ለቀማ ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ የዓመቱ ሥራ ሄደ ማለት ነው። ጎማውም እንዲሁ ነው። የትልልቆቹ 18 እና 20 ኢንች ጎማ ፍለጋ ሲያስቸግር፣ 7.50 በ16 የሚያስረው ላንድክሩዘር ፒክአፕ ግን ከአይሱዙ ኤንፒአር ጋር አንድ ዓይነት ጎማ ስለሚጠቀም በየጎሚስታው ያገኛል።

ያገለገለ ስትመርጡ እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ድክመት አለው።

ከ2005 እስከ 2015 የተሠራው ሃይሉክስ ባለ 3.0 ሊትሩ ዋን ኬዲ ሞተር ኢንጀክተሩ ሥር የመዳብ ቀለበት አለው። ቀለበቱ ሲበላ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ቴስታታው ክዳን ውስጥ ይገባና ዘይቱን ወደ ሬንጅ ይለውጠዋል፤ ሬንጁ ታች ወርዶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል፤ የዘይት ግፊት ይወርዳል፣ ሞተሩ ይነክሳል። ምልክቱ ጠዋት ሲነሣ የሚሰማ ኳኳታ፣ የዘይት መሙያ ክዳኑ ሥር ደግሞ ጥቁር ድርቅ ያለ ጥላሸት ነው። ከመግዛት በፊት የዘይት ገንዳውን አስፈትቶ ወንፊቱን ማየት የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፤ ሞተር ከማስቀየር ጋር አይወዳደርም። ኢንጀክተር በተነሣ ቁጥር ቀለበቱ አዲስ ይሁን። ይህ ሞተርም ታናሹ 2.5 ሊትር ቱ ኬዲም በታይሚንግ ቤልት ነው የሚሠሩት፤ በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። የ2.4ና የ2.8 አዲሶቹ ሰንሰለት ስለሆኑ ይህ የለባቸውም።

የድሮው ኤል 200 ባለ 2.5 ሞተር ሁለት ቤልት አለው፤ አንደኛው ለማመጣጠኛ ዘንጎቹ ነው። ትንሿ ቤልት ስትበጠስ ትልቁ ውስጥ ትገባለች፣ ቫልቮቹ ይጣመማሉ። አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው ገንዘብ መቆጠብ አይደለም። ዲ ማክስ 3.0 ሊትሩ ጠንካራ ሰንሰለት ያለው ሞተር ነው፤ ስመ ጥር ችግሩ የነዳጅ ፖምፓው ላይ ያለችው የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ናት። ስትጣበቅ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ፖምፓው ተበላሽቷል ተብሎ ከመነቀሉ በፊት ቫልቯና ፊልትሮው ይቀየሩ።

ከትልልቆቹ መካከል ከ2004 እስከ 2008 ያለው ኤፍ 150 ባለ 5.4 ሊትር ሦስት ቫልቭ ሞተር ካንዴላው ሲፈታ ቴስታታው ውስጥ ይሰበራል፤ ልዩ መንቀያ የሌለው መካኒክ እንዳይነካው። የዚሁ የኤፍ 150 ባለ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት ሞተር፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው፣ ሰንሰለቱ ይላላል፤ በቀዝቃዛ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ ኳኳታ ምልክቱ ነው። የቱንድራ 5.7 ሞተሩ ራሱ ዕድሜ ያለው ነው፤ ግን ወደ ጭስ ማውጫው አየር የሚነፋው ፖምፓ እርጥበት ይገባውና ሲበላሽ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቀንሰዋል፣ መኪናው ዳገት መውጣት ያቅተዋል። የ2022 እና የ2023 ቱንድራ ላይ ደግሞ ቶዮታ በ2024 ሞተር ውስጥ በቀረ የብረት ፍርፋሪ ምክንያት ጥቂት ሌክሰሶችን ጨምሮ 102,000 ገደማ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል፤ ከእነዚህ አንዱ ቀርቦላችሁ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩን አስገብታችሁ ጥሪው ተፈጽሞለት እንደሆነ ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ።

ትልቁ የሚያዋጣው መቼ ነው? አምስት ትልልቅ ሰዎች ዘወትር ከጅማ አዲስ አበባ አስፋልት ለአስፋልት የሚመላለሱ ከሆነ፣ ዕቃቸው ቀላልና ሰፊ ከሆነ፣ ወይም በእርግጥ ተጎታች የሚስብ ሥራ ካለ። ለዚህ ቱንድራን የሚስተካከል የለም፤ የኋላ ወንበሩ ሃይሉክስ የማይደርስበት ነው። ጠንካራ ጭነት፣ መጥፎ መንገድና ቀላል ጥገና ለሚፈልግ ግን ቀጣዩ እርምጃ ከሃይሉክስ ወደ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው፣ ወደ አሜሪካዎቹ አይደለም።

ከመክፈል በፊት

ሰነዱን አስቀድሙ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ፤ ቁጥሩ አካባቢ የብየዳ ወይም የአዲስ ቀለም ምልክት ካለ ተዉት። ከድርጅት ወይም ከኢንቨስትመንት የወጣ ፒክአፕ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፤ ሻጩ ይህን በጽሑፍ ያጥራ። ለንግድ ጭነት የሚሠራ ከሆነ ታርጋው የንግድ መሆኑን፣ ቦሎውም የዘንድሮ መሆኑን እዩ።

ከዚያ ደልዳላ ቦታ አቁሙትና በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይና ከታች ለኩ። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ሻንሲው ጎብጧል። ሥሩ ገብታችሁ ባሌስትራውን ቁጠሩ፤ በግራና በቀኝ የቅጠሉ ብዛት ካልተመሳሰለ፣ ወይም አንዱ ቅጠል ከሌሎቹ አዲስ ከሆነ፣ መኪናው ከልክ በላይ ሲጭን የኖረ ነው። የኋላ ጎማዎቹን የውስጥ ጎን በዘይት የራሰ መሆኑን ተመልከቱ።

በመጨረሻ ባዶውን አትሞክሩት። አምስት ኩንታል ጫኑበትና ወደ ደዶ ወይም ወደ ሌላ ረጅም ዳገት ውጡ፤ የሙቀት መለኪያው ከመሃል እንዳያልፍ፣ ካምቢዮውም ማርሽ እንዳይተፋ ተከታተሉ። ስትወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬኑን በየተራ እየነካችሁ ብቻ። ታች ስትደርሱ አቁሙና የእጃችሁን ጀርባ ወደ አራቱም ቸርኬ ሳትነኩ አስጠጉ። የፊቶቹ ከኋላዎቹ ሊሞቁ ይችላሉ፤ ግን የግራውና የቀኙ ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል፤ አንዱ ለብቻው የሚፋጅ ከሆነ ወይ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ወይ ኩሺኔታው እያለቀ ነው፣ ጭራሽ ቀዝቃዛ የሆነው ደግሞ ፍሬን አይዝም።